ስንት ይሸጣል፣ በምን ይሠራ፦ የባለ ሦስት መስመር መዝሪያ የሥራ ማስታወሻ፣ ደብረ ብርሃን

ጥቅምት

የሚሠራው ዕቃ በሰው የሚጎተት ባለ ሦስት መስመር መዝሪያ ነው፤ ለጤፍም ለስንዴም ያገለግላል። የሚሠራው ደብረ ብርሃን ነው፤ የሚሸጠው በአብዛኛው በምንጃር ሸንኮራና በሞረትና ጅሩ። በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር አለ። ሁለት የብረት ጎማዎች ባለ 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ያዞራሉ። ዘንጉ ላይ ሦስት ዘር መጣኝ ሮለሮች ተሰክተዋል። ከየሮለሩ በላይ አንድ የላሜራ ሳጥን፣ ከሥሩ አንድ የዘር ቱቦና አንድ ፈር ከፋች አለ።

ናሙናው ይዘራል። የቀረው ጥያቄ ስንት ይሠራ የሚለው ነው፤ እሱ ካልተመለሰ የትኛውም ክፍል በምን ዘዴ እንደሚሠራ መወሰን አይቻልም። 20 መዝሪያ በመቀስና በመዶሻ ይወጣል። 5,000 መዝሪያ ያለ ሞልድ (ቀልጦ የሚፈስ ነገር ቅርጽ የሚይዝበት) እና ያለ ፕሬስ (ላሜራ ተጭኖ ቅርጽ የሚሰጥ ማሽን) አይታሰብም። ገንዘብ የሚበላው መሃሉ ነው፣ ከ50 እስከ 500 ያለው። እዚያ ላይ ለእጅ ሥራውም ለሞልዱም “ያዋጣል” ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ሁለቱም ወገን ቁጥር ሳይዝ ነው የሚከራከረው።

የገበሬ ቁጥር ይዞ ሽያጭ መገመት አደገኛ ነው። ሒሳቡ ከመሬቱ ቢጀመር ይሻላል። ሦስት መስመር ሲዘራ በአንድ ጊዜ የሚሸፈነው 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው፤ በ0.6 ሜትር ሲካፈል 4,167 ሜትር የእግር መንገድ ይወጣዋል። በደንብ በለሰለሰ ማሳ በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ቢኬድና ማዞሪያው፣ ዘር መሙያው፣ ጭቃ መጥረጊያው ቢታከል አንድ ጥማድ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በቀን 3 ጥማድ ማለት ነው። የጤፍ መዝሪያ ወቅት ሦስት ሳምንት ያህል ተይዞ፣ ዝናብ የሚያግደው ቀን ወጥቶለት 12 የሥራ ቀን ቢተርፍ፣ አንድ መዝሪያ 36 ጥማድ ይጨርሳል።

ስለዚህ አራት ጥማድ ያለው ገበሬ የራሱን መዝሪያ መግዛት አያስፈልገውም፤ ይከራያል ወይም ከጎረቤት ጋር ይገዛል። ለምሳሌ 400 አባወራ ያለበትን ቀበሌ እንያዝ። አምስተኛው እጅ በመስመር መዝራት ቢፈልግና እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጥማድ ቢዘራ 160 ጥማድ ይሆናል። ለ36 ሲካፈል 4.4 ነው። 80 ፈላጊ ያለበት ቀበሌ የሚገዛው ቢበዛ አምስት መዝሪያ ነው። ይህን ሳያሰሉ “80 ገዢ አለ” ብሎ ሞልድ ማዘዝ ብዙ ጥሩ ዕቃ ከመሸጡ በፊት ገድሏል።

ኅዳር

ሦስት ቁጥሮች ተይዘዋል። ዝቅተኛው 40 ነው፤ 20 በመቶ ቀብድ የከፈሉ ወይም ለመክፈል ውል የፈረሙ ገዢዎች ማለት ነው። መካከለኛው 150 ነው፤ በሁለተኛው ዓመት በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በወጣቶች የኪራይ ቡድኖች በኩል ሊደርስ የሚችለው። ሦስተኛው 600 የተስፋ ቁጥር ነው።

አጠቃቀማቸው ይለያያል። የዘንድሮው የአሠራር ዘዴ የሚመረጠው በዝቅተኛው ነው። ንድፉ ግን ወደ መካከለኛው ሲታለፍ ዕቃው ከሥሩ ተፈትቶ እንዳይሠራ አስቀድሞ ይታሰብበታል። በተስፋው ቁጥር ምንም አይገዛም፤ የሚጠቅመው ወደፊት የሚመጣው መሣሪያ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚፈልግ ለማየት ነው። ማሳ ዳር ቆሞ “ጥሩ ነው፣ አምጡልን” ያለ ሰው ከሦስቱ በአንዱም አልተቆጠረም። ቀብድ ያልሰጠ ገዢ ገና ተመልካች ነው።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ፤ የዓመት ሽያጭና የዕድሜ ልክ ሽያጭ። 100 ቀበሌ አምስት አምስት ቢገዙ ጠቅላላ ገበያው 500 መዝሪያ ነው። መዝሪያው ስድስት ዓመት ካገለገለ፣ ገበያው ከሞላ በኋላ በዓመት የሚሸጠው ለምትክ የሚሆን 83 ብቻ ነው። የሞልድ ወጪ ከዕድሜ ልኩ ድምር ጋር ይመዘናል። የቶርኖ (እያዞረ የሚልጥ ማሽን) እና የብየዳ አቅም ግን የሚመዘነው ሥራ ከሚበዛበት ወቅት ጋር ነው፤ ሽያጩ ዓመቱን ሙሉ አይመጣምና። ገበሬው እህሉን ሸጦ ገንዘብ የሚይዘው ከጥር እስከ መጋቢት ነው፤ መዝሪያ የሚያስታውሰው ግን ሰኔ ላይ ኪሱ ሲሳሳ ነው። ቀብዱ በጥርና በየካቲት ካልተሰበሰበ የሰኔው ጥያቄ ባዶ እጁን ይመጣል።

ታኅሣሥ

የመጀመሪያው ዙር 50 መዝሪያ ሆኗል፤ 40 ቀብድ የተያዘባቸውና 10 ሰኔ ላይ ለሚመጣ። የሚወሰነው ግን ለመዝሪያው በጅምላ ሳይሆን ለየክፍሉ ነው። አንድ ዕቃ ውስጥ አንዱ ክፍል ለሞልድ ሲደርስ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ በእጅ ሊሠራ ይችላል።

ከንድፉ የተገኘው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ሦስቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ሮለር፣ አንድ ዓይነት ሳጥን፣ አንድ ዓይነት ፈር ከፋች አላቸው፤ የግራ፣ የቀኝ፣ የመሃል የሚባል የለም። የ50 መዝሪያ ትዕዛዝ ከ10 በመቶ መለዋወጫ ጋር የ165 ሮለር ትዕዛዝ ይሆናል። ሮለሩም ለጤፍና ለስንዴ ሁለት ሆኖ አልተሠራም። 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት ካለው ሮለር ግማሹ የጤፍ ጎድጓድ፣ ግማሹ የስንዴ ቦይ አለው፤ ዘንጉ ላይ ወዲህና ወዲያ እየተንሸራተተ የሚፈለገው ግማሽ ከሳጥኑ አፍ ሥር ይገባል። ሁለት ሮለር ቢሆን ኖሮ የእያንዳንዱ ብዛት በግማሽ ይወርድ፣ የመሥሪያ መያዣውም በእጥፍ ይጨምር ነበር። ሽያጭን ማብዛት ከባድ ነው፤ የክፍሎችን ዓይነት መቀነስ ግን እርሳስና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል።

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት የተያዙ ናቸው። ሌላ ቦታ የሚሠራ ሰው የራሱን ያስገባ፤ ቀመሩ አይለወጥም። የመሣሪያው ወጪ በነጠላ ዋጋው ልዩነት ሲካፈል መሣሪያው ራሱን የሚመልስበትን ብዛት ይሰጣል።

ጥር፦ ሮለሩ

ሮለሩ የመዝሪያው ልብ ነው። ትክክለኛነት የሚፈልገው እሱ ብቻ ነው ቢባል አይጋነንም፤ ስለዚህ ብዙው ጊዜ እዚህ ላይ ይውላል።

ልኩ እንዲህ ይወጣል። የጎማው ዙሪያ አንድ ሜትር ስለሆነና ሮለሩ በቀጥታ ጎማው ዘንግ ላይ ስለተሰካ፣ የሮለሩ አንድ ዙር አንድ ሜትር መሬት ነው። መስመሮቹ በ20 ሳንቲ ሜትር ሲራራቁ በአንድ ሄክታር 50,000 ሜትር መስመር አለ። በሄክታር 10 ኪሎ ጤፍ ሲታሰብ በሜትር 0.2 ግራም ይደርሳል። የአንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ክብደት 0.3 ግራም አካባቢ ስለሆነ፣ በአንድ ሜትር ከ650 በላይ ፍሬ ይወድቃል ማለት ነው። 0.2 ግራም ጤፍ 235 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል። ለ12 ጎድጓድ ሲከፋፈል አንዱ ወደ 20 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ሾጣጣው ጫፍ ከገባ በኋላ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ሲባል ይህ ልክ ይገኛል።

አሁን ጥልቀቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ምን እንደሚሆን ይታይ። የዘሩ መጠን 13 በመቶ ይዛነፋል። ስለዚህም ነው ፕላስቲክ በንብርብር በሚያትም ማተሚያ (3ዲ ፕሪንተር) የሚወጣ ሮለር ለሽያጭ ያልተሠራው፤ የሕትመቱ አንድ ንብርብር ራሱ ብዙውን ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ለናሙና ግን እጅግ ይረዳል፤ የጎድጓዱን ቅርጽ ዛሬ አትሞ ነገ ማሳ ላይ ማየት ይቻላል። ፒኤልኤ በሚባለው ፕላስቲክ የታተመውን ግን ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው አይገባም፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል።

እንጨት ከመጀመሪያው ወጥቷል፤ በሐምሌ እርጥበት አብጦ ይነክሳል። ናይሎንም ውሃ ይመጥጣል። የተመረጠው ድፍን ከፍተኛ እፍጋት ያለው ፖሊኢታይሊን ነው፤ ውሃ አይጠጣም፣ ቶርኖ ላይ ይላጣል። ጠባዩ ግን ሙቀት ሲያገኝ ማበጡ ነው። በደብረ ብርሃን ጠዋትና በቆላ ቀትር መካከል ያለው የ25 ዲግሪ ልዩነት ባለ 50 ሚሊ ሜትሩን ሮለር 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ያሳድገዋል። በሮለሩና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ ቢጠብ በቀትር ይይዛል፤ ከ0.5 በላይ ቢሰፋ ጤፍ ሾልኮ ይፈስሳል ወይም ይፈጫል።

የስንዴውን ቦይ ያለ ፍሬሳ (ቦይ የሚቆፍር ማሽን) ማውጣት ይቻላል። ድፍኑ መጀመሪያ ከ56 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ይላጣል። ግንባሩ ላይ፣ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ መስመር ላይ፣ 12 ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች 25 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይበሳሉ። ከዚያ ውጪው ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሲላጥ ቀዳዳዎቹ በመሃላቸው ተከፍለው ግማሽ ክብ ቦይ ሆነው ይወጣሉ። ሙሉ በሙሉ ቢሞሉ በሜትር 3.3 ግራም ስንዴ ይሰጣሉ፤ ፍሬ ግን ጥግ ጥጉን ስለማይሞላ ወደ 2.9 ይወርዳል፤ በሄክታር 145 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። መሰርሰሪያው በየ5 ሚሊ ሜትሩ ወጥቶ ፍቅፋቂውን መጣል አለበት፤ አለዚያ ፕላስቲኩ ሞቆ ቀዳዳው ሲበርድ ይጠባል። የመጨረሻው ልጠት 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ በደንብ በተሳለ ቢላ። ቢላው ከደነዘ በየቦዩ ጠርዝ ላይ ፀጉር ይቀራል፤ ፀጉሩም ስንዴውን ይይዛል።

የካቲት፦ የሮለሩ ሒሳብ

አንድ ሮለር በቶርኖና በትራፓኖ (ቋሚ መሰርሰሪያ ማሽን) 600 ብር ይወጣዋል፤ 220 ለድፍኑ፣ 380 ለእጅ። 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ በቀን 12።

በአሉሚኒየም የአሸዋ ቀረጻ ርካሽ ይመስላል። ሞዴሉ 8,000 ብር፣ ተቀርጾና ጎድጓዱ ተበስቶ አንዱ 420። በዚህ ቢቆም ከ45 ሮለር በኋላ ያዋጣል። ግን የአሸዋ ቀረጻ ገጽ ሻካራ ነው፤ አሉሚኒየምም ሲበርድ 1.3 በመቶ ያህል ይሸበሸባል። የ0.4 ሚሊ ሜትሩን ክፍተት ለመጠበቅ ውጪው መላጥ አለበት፤ ለእሱ 150 ሲጨመር 570 ይሆናል። ትርፉ 30 ብር ቀረ፤ ራሱን የሚመልሰውም ከ267 ሮለር በኋላ ሆነ። ማንኛውንም ዘዴ ሲያወዳድሩ የመጨረሻውን ልጠት፣ ጽዳትና ፍተሻ ጨምሮ መቁጠር ይገባል። ብዙ ርካሽ ቀረጻ ውድ የሚሆነው ቶርኖ ላይ ሲደርስ ነው።

የሲሊኮን ሞልድና ፈሳሽ ፖሊዩረቴንም ታይቷል። አንድ የሲሊኮን ሞልድ 20 ያህል ቅጂ ካወጣ በኋላ ጠርዙ ይበላል። ሞልዱ 6,000 ብር ከሆነ ለአንድ ሮለር 300 ብር የሞልድ ድርሻ ይደርሰዋል፤ ፈሳሹና እጁ 350 ሲጨመር 650፣ ከቶርኖው በላይ። ቶርኖ ሊያወጣው ለማይችል ጠማማ ቅርጽ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ክብ ለሆነ ዕቃ አይደለም።

ቀጥሎ ሁሉም የሚጠይቀው ኢንጄክሽን ሞልድ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት የሚገባበት። ከአሉሚኒየም የሚሠራ ሞልድ ከነማስመጫው 900,000 ብር ቢሆንና አንድ ሮለር በ60 ብር ቢወጣ፣ ልዩነቱ 540 ብር ነው። 900,000 ለ540 ሲካፈል 1,667 ሮለር፣ ማለትም 556 መዝሪያ ይሆናል። ከላይ የተሰላው ጠቅላላ ገበያ 500 መዝሪያ፣ ከመለዋወጫው ጋር 1,650 ሮለር ነበር። ሞልዱ የስድስት ዓመቱን ሽያጭ ሁሉ በልቶ ገና ራሱን አልመለሰም። ደግሞም አስቀድሞ በቶርኖ የተሠሩት ሮለሮች በዚህ ሒሳብ አይቆጠሩም፤ ሞልዱን የሚከፍለው ከሱ በኋላ የሚመጣው ብቻ ነው።

የሞልዱ ዋጋ በዶላር መሆኑም አይረሳም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተሰጠ የሞልድ ዋጋ ብዙ አይቆይም። ዶላሩ 10 በመቶ ቢጨምር ሞልዱ 990,000 ይሆናል፤ ራሱን የሚመልስበት ብዛትም ወደ 1,833 ሮለር ይሸሻል። ድፍኑ ፕላስቲክም አብሮ ስለሚወደድ ጥቂት ይካካሳል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ለሞልድ የሚሆነው ሮለር አሁን ከሚሠራው ጋር አንድ አይደለም። 50 ሚሊ ሜትር ድፍን ፕላስቲክ ከሞልድ ሲወጣ መሃሉ ዘግይቶ ስለሚበርድ ገጹ ይሰረጉዳል፤ ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለውና ውስጡ በጎድን የተደገፈ መሆን አለበት። የስንዴው ቦይ በርዝመቱ ስለሆነ ሞልዱ ሲከፈት በቀላሉ ይወጣል። የጤፉ ጎድጓድ ግን ዙሪያውን ወደ መሃል ስለሚገባ ሞልዱን ይይዘዋል፤ በጎን የሚንሸራተቱ ክፍሎች ይፈልጋል፣ እነሱም ዋጋውን ያንሩታል። መፍትሔው ጎድጓዱን ወደ ሮለሩ ግንባር ክፍት አድርጎ በሁለተኛ ክዳን መዝጋት ነው። ከሞልድ እንዲላቀቅ የሚሰጠው ዘመምታ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የተለመደው 1 ዲግሪ በ25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ 0.44 ሚሊ ሜትር ያጋድላል፤ ክፍተታችንን ሁሉ ይበላዋል። ውጪው ገጽ ከ0.25 ዲግሪ በላይ መዝመም የለበትም፤ የሞልዱም ገጽ በደንብ መወልወል አለበት። ፖሊኢታይሊን ሲበርድ 2 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚሸበሸብ ልኩን መያዝ ያስቸግራል፤ ለሞልድ ከሆነ 0.5 በመቶ አካባቢ የሚሸበሸበው ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ይሻላል። ፀሐይ አይወድም፣ ግን ሮለሩ ሳጥን ሥር ተደብቆ ነው የሚውለው።

ይህ ሁሉ ስዕሉ ላይ ተመዝግቦ ተቀምጧል። የዘንድሮው 165 ሮለር በቶርኖ ይሠራል፤ 99,000 ብር።

መጋቢት፦ ሳጥኑ

ሳጥኑ 0.8 ሚሊ ሜትር ጋልቫናይዝድ ላሜራ ነው። የመጀመሪያው ዝርግ (ከመታጠፉ በፊት ያለው ቁራጭ) 480 በ330 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከ1 ሜትር በ2 ሜትር ላሜራ 12 ይወጣል። ወደ 395 በ325 ሲወርድ 15 ይወጣል፤ ሳጥኑ ትንሽ ያንሳል፣ ዘር መሙላቱ ይበዛል፣ ያንን የሚጠላ ገበሬ ግን አልተገኘም። 165 ሳጥን በ14 ላሜራ ፈንታ በ11 ያልቃል።

በእጅ ምልክት አድርጎ በመቀስ መቁረጥ ለአንዱ 280 ብር ይወጣዋል፤ ልኩም እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሳሳታል። አዲስ አበባ በሌዘር ማስቆረጥ 5,000 ብር ለስዕል ማዘጋጃና ለአንዱ 120 ብር ቢሆን፣ ከ32 ሳጥን ማለትም ከ11 መዝሪያ በኋላ ያዋጣል። ለ50 መዝሪያ ጥያቄ የለውም። የማጠፊያው መስመር ጫፍ ጫፉ ላይ በሌዘሩ ትንሽ ጭረት ከተደረገበት፣ አጣፊው ሜትር ሳያወጣ ያጥፈዋል። ሁሉም ሳጥን ከሁሉም ሮለር ቤት ጋር የሚገጥመው በዚህ ነው።

ዝርጉ ደብረ ብርሃን መጥቶ ነው የሚታጠፈው። 165 ዝርግ 133 ኪሎ ነው፤ ለሌላ ዕቃ በሚመጣ አይሱዙ ጥግ ላይ ይገባል። ታጥፎ ቢመጣ ግን ባዶ አየር መጫን ነው። ሲታጠፍ ጠባቦቹ ከንፈሮች ይቀድማሉ፤ ትልልቆቹ ጎኖች ከቀደሙ የመጨረሻው ከንፈር ማጠፊያው ውስጥ አይገባም። መጋጠሚያው በ4 ሚሊ ሜትር ሪቬት ነው። ጋልቫናይዝድ መበየድ የዚንክ ጭስ ያመጣል፤ በያጁን ያሳምማል፣ የተቃጠለውም ቦታ መጀመሪያ ይዝጋል።

የፕሬስ ማተሚያ ለ400,000 ብር ተሠርቶ ሳጥኑን ወደ 60 ብር ቢያወርደው ከሌዘሩ የሚተርፈው 60 ብር ነው፤ 6,667 ሳጥን፣ 2,222 መዝሪያ። እስከ ተስፋው ቁጥር ድረስ ሌዘር ይበቃል።

ሚያዝያ፦ ጎማ፣ ፈር ከፋችና ሌላው

ጎማው ከ30 በ4 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ነው። የውጭው ዙሪያ 1 ሜትር እንዲሆን ቁራጩ 987 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የብረቱ ውፍረት መሃል ነው የሚቆጠረው። ከ6 ሜትር ብረት የመቁረጫውን ጥፋት ጨምሮ ልክ 6 ቁራጭ ይወጣል። 990 አድርጎ በግምት የሚቆርጥ ሰው 6ቱን አውጥቶ ጎማውን ያሳድጋል፣ ዘሩንም ይቀንሳል። ጨረሮቹ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ናቸው። ብየዳው በመያዣ ላይ ነው፤ መጀመሪያ በነጠብጣብ፣ ፊት ለፊት በተቃራኒ ጎን እያፈራረቁ፣ ከዚያ ሙሉ። በአንድ በኩል ዞሮ የተበየደ ጎማ ይወለጋገዳል። ይህ ክፍል ከ50 እስከ 1,000 ድረስ ዘዴው አይለወጥም፤ ብዛት ሲመጣ የሚጨመረው መያዣው ብቻ ነው።

ፈር ከፋቹ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ይቀጠቀጣል። ቀይ እስኪሆን ሞቆ በዘይት ይነከራል፤ በውሃ ከሆነ ይሰነጠቃል። ከዚያ ተወልውሎ ገጹ ቡናማ እስኪሆን በቀስታ ይሞቃል። ለጤፍ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ለስንዴ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲገባ ባለ ቀዳዳ መያዣ አለው። ችግሩ ውፍረቱ ነው፤ ከየመኪናው የሚመጣው ባሌስትራ ይለያያል። 150 ፈር ከፋች ለይቶ ማግኘት ይቻላል። 450 ሲሆን ግን አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው አዲስ ብረት መግዛት ከመለቃቀም ይቀላል፤ እዚህ ላይ ብዛቱ የሚለውጠው መሣሪያውን ሳይሆን የጥሬ ዕቃውን ምንጭ ነው።

ኩሽኔታው 6204፣ በሁለት በኩል ጎማ የታሸገ፤ የትም ይገኛል። ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ሁሉም ኤም8 ናቸው። ገበሬው በአንድ 13 ቁልፍ መዝሪያውን ሁሉ ይፈታል።

ግንቦት

የእያንዳንዱ ሮለር ፍተሻ በሚዛን ነው። ጎማው 50 ዙር በእጅ ይዞራል፤ ከየቱቦው የወረደው ጤፍ ለየብቻ ይመዘናል። 10 ግራም መሆን አለበት፤ ከ9.3 እስከ 10.7 ያልፋል። ከሦስቱ አንዱ ዝቅ ካለ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ሮለሩ ላይ ሳይሆን ትርፉን ዘር ከሮለሩ ላይ የሚጠርገው ብሩሽ ላይ ነው፤ በጣም ሲጫን ከጎድጓዱ ጠርጎ ያወጣል። ብሩሹ ሲላላ ደግሞ ሚዛኑ ከ11 በላይ ይሄዳል። ገለባ ያለበት ዘር ጎድጓዱን ስለሚደፍን ቀድሞ በወንፊት መነፋት አለበት።

ጥልቀቱን የሚያዛንፈው አብዛኛውን ጊዜ የመሰርሰሪያው ማቆሚያ ቀለበት ነው። ብሎኑ ሲላላ በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ ዓይን አያየውም፣ ሚዛን ግን ያሳያል። በየ10 ሮለሩ አንዱ ወዲያው ይመዘናል።

ሐምሌ

ሞረትና ጅሩ ውስጥ እነዋሪ ያለው መረሬ አፈር ጎማ ላይ ይጣበቃል። 1 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ዙሪያውን ቢለብስ የጎማው ዙሪያ 6.3 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ በሜትር የሚወርደው ዘር ወደ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጎማው ሲንሸራተት ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ለመንሸራተቱ 12 የፌሮ ጥርስ፣ ለጭቃው ከጎማው 5 ሚሊ ሜትር ርቆ የሚቆም ጠፍጣፋ ጭቃ ፋቂ ታክሎበታል። ፋቂው የማይቀየር ሳይሆን ሞላላ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ሲበላ ወደ ፊት ይገፋል። ምንጃር ላይ ይህ ሁሉ ብዙም አያስፈልግም፣ ግን አንድ ዓይነት መዝሪያ ለሁለቱም ይሠራል። ሁለት ዓይነት ማድረግ ብዛቱን መክፈል ነው።

ነሐሴ፦ ለሚቀጥለው ዙር

የሚቀጥለው ዙር በመካከለኛው ቁጥር ይታሰባል፤ 150 መዝሪያ፣ 495 ሮለር። አሁን ባለው አሠራር በቀን 12 እየተባለ ከ41 ቀን በላይ የቶርኖ ሥራ ነው፤ መብራት ሲቆራረጥ ከዚያም ይረዝማል። ከዋጋው ይልቅ ጊዜው ነው የሚያስጨንቀው።

ስለዚህ የሚገዛው መሣሪያ ሞልድ አይደለም። የሚሠራው 12 ጠንካራ መሪ ቀለበቶች ያሉት የመሰርሰሪያ መያዣ ነው፤ አንዱ ለግንባር ቀዳዳዎቹ፣ አንዱ ለጤፉ ጎድጓዶች። ምልክት ማድረግና ሮለሩን በከፋፋይ ሳህን ማዞር ይቀራል፤ 40 ደቂቃው ወደ 25 ይወርዳል። 40,000 ብር ቢወጣበትና የእጅ ዋጋው ከ380 ወደ 240 ቢወርድ፣ 286 ሮለር ላይ ራሱን ይመልሳል፤ 96 መዝሪያ። በቀን 19 ሮለር፣ 495ቱ በ26 ቀን።

የመያዣው ልክ፦ የግንባሩ መሪ ቀለበቶች 6.1 ሚሊ ሜትር፣ የጎድጓዱ 4.1። ማቆሚያው መሰርሰሪያው ላይ የሚታሰር ሳይሆን መያዣው ራሱ ላይ የሚያርፍ ሆኖ ይሠራል፤ በዚህ ያ የሚንሸራተት ቀለበት ከሥራው ይወጣል። ከታች ለፍቅፋቂ መውጫ 15 ሚሊ ሜትር ክፍት ይተዋል። ድፍኑ ፕላስቲክ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ትዕዛዙ በጥቅምት ይሰጣል፤ ባለ 60 ሚሊ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ሮለር ከመቁረጫና ከመያዣ ጋር 56 ሚሊ ሜትር ርዝመት ተይዞ፣ ለ495ቱ 28 ሜትር። ቀብድ መሰብሰቡ በጥር ይጀመራል።